በብስክሌት ከሜዳ አህያ ጋር

ብስክሌት የማያውቅ የለም። በባሕር ዳርና በሐዋሳ ሰው ገበያም ሥራም ይሄድበታል። ግን የዱር አራዊት በሚግጡበት ሜዳ መካከል እናትና አባት ልጆቻቸውን አስከትለው በብስክሌት ሲሄዱ አይታችኋል? እኔ ያየሁት በጎረቤታችን በኬንያ ነው።

ቦታው ሄልስ ጌት ብሔራዊ ፓርክ ይባላል። የሲኦል በር ማለት ነው። ብሔራዊ ፓርክ ደግሞ መንግሥት ለዱር አራዊት ብሎ ያስከበረው መሬት ነው። ይህኛው የተቋቋመው በ1984 ነው (እዚህ የምጽፋቸው ዓመቶች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከናይሮቢ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ ነው። የእኛ ዝዋይና ላንጋኖ ያሉበት ስምጥ ሸለቆ ወደ ደቡብ ሲወርድ እዚያ ይደርሳል። ስለዚህ አገሩ ለእኛ ሰው እንግዳ አይሆንም። ግራር አለ፣ አቧራ አለ፣ ከመሬት የሚወጣ ፍል እንፋሎትም አለ። ኬንያውያን በዚህ እንፋሎት ከ1981 ጀምሮ ኤሌክትሪክ ያመነጫሉ።

አክስቴ ናይሮቢ ትኖራለች። በሚያዝያ ወር ልጠይቃት በሄድኩ ጊዜ አምስት ሆነን ወደ ፓርኩ ሄድን። አክስቴ፣ ባሏ፣ የ12 ዓመት ወንድ ልጃቸው፣ የ8 ዓመት ሴት ልጃቸውና እኔ ነበርን።

ብስክሌት በሩ ላይ ይከራያል። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። የኪራይ ብስክሌት ብዙ ሰው የነዳው ነው። ፍሬኑን ጨብጡት፤ ይይዛል? ጎማውን በአውራ ጣት ጫኑት፤ በቂ ነፋስ አለው? ኮርቻው ለልጅ ከፍ ካለ ዝቅ አስደርጉት፤ ልጁ ተቀምጦ እግሩ መሬት ይንካ። ለትንሿ ልጅ የቀረበላት የመጀመሪያው ብስክሌት ፍሬኑ አይዝም ነበር። ሦስተኛው ነው የሆነላት።

መንገዱ ጠጠር ነው። ሰፊ ስለሆነ ለልጅ አይከብድም። አልፎ አልፎ አሸዋ ያጋጥማል፤ የፊት ጎማው እዚያ ላይ ይሸሻል። ወርዶ መግፋት ነው። ግራና ቀኝ ቀይ ገደል ቆሟል። ከበሩ ጥቂት እንደራቅን ብቻውን የቆመ ረጅም ድንጋይ አገኘን። ቁመቱ 25 ሜትር ያህል ነው፤ ፊሸር ታወር ይሉታል። ሥሩ ሽኮኮዎች ይሯሯጣሉ። ልጆቹ ብስኩት ሊሰጧቸው ሲሉ አክስቴ ከለከለች።

ከዚያ የሜዳ አህዮቹን አየን። መኪና ውስጥ ሆኖ አውሬ ማየት በመስኮት ማየት ነው። በብስክሌት ግን ሌላ ነው። ሽታቸው ይመጣል፤ ሣሩን ሲነጩ ድምፁ ይሰማል። ቀጭኔዎች አንገታቸውን አቅንተው አዩን። አንድ ከርከሮ ጭራውን እንደ ዱላ ቀጥ አድርጎ ሮጠ። ትንሿ በሳቅ ስትፈርስ ከብስክሌቷ ወደቀች፤ ጉልበቷ ተላጠ። አላለቀሰችም።

በዚህ ፓርክ ዝሆን የለም። የሚፈራው ጎሽ ነው። ከመንገዱ ዳር ሦስት ጎሾች ቆመው አገኘን። ታላቅየው ልጅ ፎቶ ላንሳ ብሎ ወደ ሣሩ ገባ። አባቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን በቁጣ ጠራው። ጎሽን አይቀርቡትም፣ አይጮሁበትም። እንዲያልፍ መጠበቅ ነው፤ ካላለፈ መመለስ ነው። እኛ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆምን። ጎሾቹ ሲበቃቸው ሄዱ።

መንገዱ ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ከአንድ ጠባብ ሸለቆ አፍ ያደርሳል። ውሃ ድንጋዩን እየቦረቦረ የሠራው ነው። ልጁ ጠዋቱን ሙሉ ሲያወራ የነበረው ስለዚህ ሸለቆ ነበር። ስንደርስ በላያችን ፀሐይ ነበረች፤ በሩቁ ግን ሰማዩ ጠቁሯል። አክስቴ ቀና ብላ አየችና “አንገባም” አለች።

“እማዬ፣ ይሄን ሁሉ መጥተን!”

እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔም ከልጁ ጋር ነበርኩ። “አክስቴ፣ እዚህ እኮ ደረቅ ነው” አልኳት።

“ልጄ፣ ውሃው የሚመጣው ከላይ ነው” አለችኝ። የፓርኩ ጠባቂም እሷ ያለችውን ደገመ። ዝናቡ ሌላ ቦታ ይዘንባል፤ ጎርፉ ግን በሸለቆው ውስጥ ሳይታሰብ ይደርሳል። ግድግዳው ቀጥ ያለ ስለሆነ ሮጦ መውጫ የለም። በ2012 ሰባት ሰዎች እዚያ ውስጥ በጎርፍ ሞተዋል። በ2019ም እንዲሁ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ይህን ስሰማ ዝም አልኩ።

ተመለስን። ስንሄድ ሳናውቀው ቁልቁል ወርደን ኖሯል፤ ስንመለስ ዳገት ሆነ። ለአዋቂ ቀላል ነው፤ ለደከመ ልጅ ግን ረጅም ነው። ትንሿ ሦስት ጊዜ ወረደች። ብስክሌቷን እኔ ገፋሁላት፤ የቀረችንን ውሃም ለእሷ ተውንላት። ከናንተ ልጆች ይዞ የሚሄድ ቢኖር ውሃውን ለመመለሻው ያስቀር።

ብስክሌቶቹን ስናስረክብ የመጀመሪያው ጠብታ ወረደ። ልጁ ዞሮ ወደ ሸለቆው አቅጣጫ አየ፤ ምንም አልተናገረም። ትንሿ ግን የተላጠ ጉልበቷን እያሳየች የከርከሮውን ሩጫ ለባለ ብስክሌቱ በስዋሂሊ ታስረዳ ነበር።