መረቡና ዓሣው

ጫሞ ሐይቅ ዳር ስደርስ ገና ጎሕ እየቀደደ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን አስጠግተው የሌሊቱን መረብ ይፈታሉ። ክንድ የሚያህል ነጭ ዓሣ ክሩ ውስጥ እንደተጠላለፈ ያብለጨልጫል፤ አንድ ወጣት በጣቶቹ ቀስ እያለ ያላቅቀዋል። መረቡን ዳሰስ አድርጌ ከምን እንደተሠራ ጠየቅሁት።

«ናይለን ነዋ ጋሼ! ውሃ አያበሰብሰውም» አለኝ፣ ቀና ሳይል።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያጠመደውም የተጠመደውም በአንድ ዓይነት ቋጠሮ የተቋጠሩ ናቸው። ይህን ከመጽሐፍ አውቀው ነበር፤ ሁለቱን በአንድ ሰው እጅ ላይ ርጥብ እንዳሉ ሳያቸው ግን እንደ አዲስ ተደነቅሁ።

ናይለንን የፈጠረው ዋላስ ካሮዘርስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1935፣ አሜሪካ ደላዌር ውስጥ፣ በዱፖንት ኩባንያ ቤተ ሙከራ። ስድስት ስድስት ካርበን ያላቸው ሁለት ዓይነት አጫጭር ሰንሰለቶችን ወሰደ። አንደኛው በሁለቱም ጫፎቹ አሚን የሚባል እጅ አለው፤ ናይትሮጅን ሁለት ሃይድሮጅን ይዞ። ሌላኛው በሁለቱም ጫፎቹ ካርቦክሲል፣ ማለትም የአሲድ እጅ አለው። እጅ ለእጅ ሲያያዙ አንዲት የውሃ ሞለኪውል ትወጣለች፤ በመካከላቸው አማይድ የሚባለው ቋጠሮ ይቀራል። ሁሉም ሁለት ሁለት እጅ ስላለው መያያዙ አያቆምም፤ አንዱ ሌላውን እየያዘ ይረዝማል፣ ክር ይሆናል።

የዓሣው ሥጋም እንዲሁ ነው። አሚኖ አሲድ አሚኑንም ካርቦክሲሉንም በአንድ ገላ ላይ ይዟል፤ ስለዚህ ከወንድሙ ጋር ይያያዛል፣ ሂሳቡ ሲደመር እዚህም በእያንዳንዱ ቋጠሮ አንድ ውሃ ይወጣል። ልዩነቱ ናይለን አንዲትን ቃል ሲደጋግም ይኖራል፤ ዓሣው ግን ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲድ እየመረጠ ጡንቻውን፣ ቅርፊቱን፣ የዓይኑን ብሌን ይጽፋል።

ኬሚስቶች እነዚህን እጆች ፈንክሽናል ግሩፕ ይሏቸዋል። እኔ ከፊደል ገበታችን የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁላቸውም። «በ» ጎኑ ላይ ትንሽ ቅጥያ ሲጨመርበት «ቡ» ይሆናል፤ አንድ እግሩ ሲረዝም «ባ»። ገላው ያው፣ ድምፁ ሌላ። ሁለት ካርበኖች ሃይድሮጅን ብቻ ለብሰው ሲቆሙ ኢቴን የሚባል ጋዝ ናቸው። በአንዱ ሃይድሮጅን ቦታ ሃይድሮክሲል፣ ማለትም ኦክስጅንና ሃይድሮጅን ሲገባ፣ አረቄ ውስጥ ያለው አልኮል ይሆናሉ። ጫፉ ካርቦክሲል ሲሆን ደግሞ አቼቶን የሚያኮመጥጠው አሲድ። ከዚህ ቀመር በላይ የሚያስደስተኝ ጥቂት ነገር ነው።

አርባ ምንጭ ገበያ ብዙ አልቆየሁም፤ ሙዝ ገዝቼ ወጣሁ። ያ የበሰለ ሙዝ ሽታ በዋናነት የኤስተር ሽታ ነው፤ አልኮልና ካርቦክሲል ሲያያዙ የሚገኘው ቋጠሮ። ይህኑ ቋጠሮ በረጅሙ ቢደጋግሙት ፖሊስተር ይወጣል። በሌላው እጄ የያዝሁት ባዶ ሃይላንድ ከዚያው ቤተሰብ ነው።

ከዚያ ወደ ዶርዜ መንደር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። መንገዱ ሲጠማዘዝ ታች አባያ ቀይ ቡኒ፣ ጫሞ ሰማያዊ ሆነው፣ የእግዜር ድልድይ በመካከላቸው ተጋድሞ ይታያል። ሙቀቱ እየቀነሰ መጥቶ ላይ ስንደርስ ብርዱ ጋቢ ያስፈልጋል።

የገባሁበት ቤት የዝሆን ፊት የሚመስለው የቀርከሃ ቤት ነው። ጓሮው ሁሉ እንሰት። አንዲት እናት ግንዱን በሳንቃ ላይ አስደግፈው በቀርከሃ መፋቂያ ይፍቃሉ። ፈሳሹና ልሙ በአንድ በኩል ይወርዳል፤ ረጅም ነጭ ቃጫ በሌላ በኩል ይቀራል። ከፈሳሹ የሚዘቅጠው ቡላ ነው፤ ንጹህ ስታርች ለመሆን ጥቂት የቀረው። ቃጫው ደግሞ ሴሉሎስ፤ ገመድ ይሆናል።

ሁለቱም ከግሉኮስ ብቻ የተሠሩ ናቸው። ፈረንሳዊው አንሰልም ፓየን እ.ኤ.አ. በ1838 ሴሉሎስን ከዕፅዋት ለይቶ ሲመረምር፣ ቀመሩ ከስታርች ጋር አንድ ሆኖ አገኘው። ታዲያ አንዱ የሚበላ፣ ሌላው የሚታሰርበት እንዴት ሆነ? መልሱ ሃይድሮክሲሉ በየት በኩል መያዙ ላይ ነው። ስታርች ውስጥ ግሉኮሶቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ አንድ በኩል አድርገው ስለሚያያዙ ሰንሰለቱ ይጠመዘዛል፤ እንደ ሞላ ይጠቀለላል። ሴሉሎስ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ተገልብጦ ስለሚቆም ሰንሰለቱ ቀጥ ይላል። ቀጥ ያሉት ጎን ለጎን ይተኛሉ፤ ያልተያዙት ሃይድሮክሲሎች በሃይድሮጅን ትስስር እርስ በርስ ይሳሳባሉ። እኒያ እናት ያን መገለባበጥ በቀርከሃ ይለያሉ፤ እኔ ቀኑን ሙሉ እጃቸውን ሳይ ብውል አልጠግብም ነበር።

ልጃቸው ሸማኔ ነው፤ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ ይሠራል። መወርወሪያው በድሩ መካከል አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ ይሮጣል። ጥጡ ከአሥር እጅ ከዘጠኝ በላዩ ሴሉሎስ ነው፤ እያንዳንዱ ሰንሰለት በሺዎች የሚቆጠር ግሉኮስ ይዟል። ሄርማን ስታውዲንገር እ.ኤ.አ. በ1920 እንዲህ ያለ ረጅም ሞለኪውል አለ ብሎ ሲጽፍ ብዙ የሙያ ባልደረቦቹ አላመኑትም፤ የኖቤል ሽልማቱ የመጣው በ1953 ነው። በሽሮ ሜዳ ገበያ የሚሸጠውን የዶርዜ ሸማ የለበሰ ሁሉ ግን ያን እውነት ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ኖሯል።

የቀርከሃው ቤትም ሴሉሎስ ነው፤ ከእግሩ ምስጥ ይበላዋል። ምስጥ በሆዱ ረቂቅ ተሕዋስያን እየታገዘ ሴሉሎስን ይፈታል፤ እኛ የሌለንን መቁረጫ ይዟል። ቤቱ ከታች እየተበላ በየዓመቱ ያጥራል፤ ስለዚህ ሲሠሩት ረጅም አድርገው ነው።

እናት እንሰቱ የሚብላላበትን ጉድጓድ ከፍተው በኮባ የተጠቀለለውን ቆጮ አሳዩኝ። አኮምጣጩ ላክቲክ አሲድ ነው፤ ሃይድሮክሲልና ካርቦክሲል በአንድ ገላ። ከእሱና ከቅርብ ዘመዱ የሚሠራ ክር አለ፤ ሐኪሞች ቁስል ሰፍተውበት፣ የሰውነት ውሃ ኤስተሩን እየፈታው በራሱ ይጠፋል። ሲያያዙ የወጣው ውሃ፣ ለመፍታት ተመልሶ ይገባል።

ማታ ጋቢ ተከናንቤ እሳት ዳር ተቀመጥሁ። ትኩስ ቆጮ፣ ማርና ዳጣ ቀረበ። ቆጮውን ብቻውን ጎርሼ በዝግታ አላመጥሁ፤ ምራቅ ስታርቹን እየፈታ ወደ ስኳር ሲለውጠው ከመጣጣነቱ ኋላ ስስ ጣፋጭነት ይሰማ ነበር።

«ልጄ፣ ማሩን ለምን አትነካውም?» አሉኝ።

«ጣፋጩን ቆጮው ውስጥ እየፈለግሁ ነው እናቴ።»

ሳቁና ሌላ ቁራሽ ቆርሰው ሰጡኝ።