የአያት መቃብር ፍለጋ በአየርላንድ ገጠር

የአያታችሁ አባት የት እንደተቀበሩ ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችሁ እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ ስም ትቆጥሩ ይሆናል፤ ቦታውን አሳዩ ብትባሉስ? አብርሃም ሣራን ለመቅበር በአራት መቶ ሰቅል ብር እርሻውን ከነዋሻው ገዛ። ዮሴፍ ዐፅሙን ይዘው እንዲወጡ ወንድሞቹን አስማላቸው። ነህምያ በንጉሡ ፊት ያዘነው የአባቶቹ መቃብር ያለበት ከተማ ፈርሶ ስለ ነበር ነው። የሙሴን መቃብር ደግሞ ማንም አያውቀውም። ይህን ሁሉ ስለምታውቁ፣ ሰው ለምን ውቅያኖስ ተሻግሮ የሙት ጉድጓድ ይፈልጋል ብላችሁ እንደማትጠይቁኝ ተስፋ አለኝ።

አየርላንድ እንዲህ ያሉ ፈላጊዎችን የለመደች ሀገር ናት። እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1852 የድንች ሰብል በበሽታ ሲጠፋ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በረሃብና ረሃብ ባመጣው ወረርሽኝ አለቀ፤ ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጠው ደግሞ በመርከብ ተሰደደ። በምዕራብ ያለችው ክሌር ካውንቲ ብቻ በ1841 ከነበራት 286 ሺህ ሕዝብ በ1851 የቀራት 212 ሺህ ነበር። ከዚያም በኋላ ስደቱ አልቆመም። ዛሬ የእነዚያ ስደተኞች የልጅ ልጆች ከአሜሪካ፣ ከካናዳና ከአውስትራሊያ እየመጡ ወረቀት በእጃቸው ይዘው ሣር መካከል ይዞራሉ።

እኔም ከአንዱ ፈላጊ ጋር ዞሬአለሁ። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ አብራኝ የተማረች እህት ቦስተን ውስጥ የአየርላንድ ዝርያ ያለው ወንድም አግብታ ትኖራለች። የባለቤቷ እናት ከሰማንያ ዓመት አልፈዋል፤ ደካማ ናቸው። አንድ ነገር ብቻ ለመኗቸው፦ «አያቴ ያረፈበትን ቦታ ፈልጋችሁ ንገሩኝ። አባቴ በልጅነቱ ከዚያ ወጥቶ ተመልሶ አላየውም።» እኔና ባለቤቴ በዚያ ግንቦት ደብሊን ያሉ የሀገራችን ልጆች ኅብረት ጋብዞን ስለ ነበር፣ አገልግሎቱ ሲያበቃ አራታችን በአንድ መኪና ወደ ምዕራብ ተነሣን።

ባለቤቴ መንገዱን ትንሽ አጣመመብን። ሊመሪክ ካውንቲ ውስጥ ባሊንግሬን የምትባል መንደር አለች፤ በ1709 ከጀርመን ተሰደው የመጡ ፕሮቴስታንት ቤተሰቦች የሠፈሩበት አካባቢ ነው። ከእነርሱ ልጆች መካከል ፊሊፕ ኤምበሪና ባርባራ ሄክ በ1760 ወደ ኒውዮርክ ሄደው በ1766 በኤምበሪ ቤት የሜቶዲስት ስብሰባ ጀመሩ። በመንደሯ ያለችው ቤተ ክርስቲያን መታሰቢያቸው ናት፤ መቃብራቸው ግን እዚያ አይደለም። ባርባራ የተቀበረችው ካናዳ ነው። «እነዚህ ሄደው ቀሩ፣ እኛ ደግሞ የቀሩትን እንፈልጋለን» አለ ባለቤቴ ወደ መኪናው ሲገባ። የእኛ ሾፌር ግን ሰዓቱን ያይ ነበር።

አሁን ፍለጋው እንዴት እንደሚካሄድ ልንገራችሁ፤ መቃብር የሚፈለገው መጀመሪያ በወረቀት ላይ ነውና። ሰኔ 30 ቀን 1922 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር፣ ደብሊን ፎር ኮርትስ ግቢ ውስጥ የነበረው የሀገሪቱ ቤተ መዛግብት ፈንድቶ ተቃጠለ። ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች ከጥቂት ቁርጥራጭ በቀር አመድ ሆኑ። ቀጣዮቹን አራት ቆጠራዎች ደግሞ መንግሥት ራሱ አስቀድሞ አጥፍቷቸው ነበር። ስለዚህ ሙሉ ሆነው የተረፉት ጥንታውያን ቆጠራዎች የ1901 እና የ1911 ናቸው፤ ሁለቱም ዛሬ በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ይነበባሉ። የካቶሊክ አጥቢያዎች የጥምቀትና የጋብቻ መዝገቦችም ከ2015 ጀምሮ በብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ አማካይነት ለሁሉም ክፍት ሆነዋል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የገጠር ካቶሊክ ካህናት ማን እንደተጠመቀና ማን እንዳገባ ይጽፋሉ፤ ማን የት እንደተቀበረ ግን የሚጽፉት ከስንት አንድ ነው። ከ1864 ጀምሮ መንግሥት ሞትን መመዝገብ ቢጀምርም፣ ምዝገባው የሟቹን ስም፣ ዕድሜ፣ የሞተበትን ቦታ፣ ምክንያቱንና ሞቱን ያስመዘገበውን ሰው እንጂ መቃብሩን አይጠቅስም። ታዲያ ምን ይዘን እንሂድ? የጎጡን ስም ነው። አየርላንድ ከ60 ሺህ በሚበልጡ ትንንሽ ጎጦች የተከፋፈለች ናት፤ እነርሱ ታውንላንድ ይሏቸዋል። በአንድ ካውንቲ አንድ ዓይነት የቤተሰብ ስም የያዙ መቶ ሰዎች ቢኖሩ ጎጡ ይለያቸዋል። የጎጡ ሰዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀብሩት አያቶቻቸው በቀበሩበት ስፍራ ነው።

ዕድሜን ግን አትመኑ! የአረጋውያን ጡረታ በ1909 መጀመሪያ ላይ ለ70 ዓመት ሰዎች መከፈል ሲጀምር፣ በ1901 ሃምሳ ስድስት ዓመት የነበሩ ሰው በ1911 ሰባ ሁለት ሆነው ይገኛሉ። የእኛም አያት እንዲሁ በአሥር ዓመት ውስጥ አሥራ አራት ዓመት አርጅተው አገኘናቸው። የእኛ ሀገር ሽማግሌዎች ቢሰሙ ይስቃሉ።

ወዳጄ በመኪናው የኋላ ወንበር ላይ የ1911ዱን ቅጽ ቅጂ ዘርግታ ታነብልን ነበር። በዚያ ዓመት ያገቡ ሴቶች ሁሉ ተጨማሪ ጥያቄ ተጠይቀዋል፦ በትዳር ስንት ዓመት ቆዩ? በሕይወት የተወለዱ ልጆች ስንት ናቸው? አሁን ያሉትስ? በአያትየዋ መስመር ላይ የተጻፈው «9» ነበር፤ በሕይወት ያሉት «8»። ስምንቱን ቤተሰቡ በስም ያውቃቸዋል፤ አራቱ አሜሪካ ገብተዋል። ከኤኒስ ከተማ 13 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ኮሮፊን፣ በቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ሕንጻ ውስጥ የክሌር የቅርስና የዘር ሐረግ ማእከል አለ፤ እዚያም ስናስፈልግ የተገኘው የስምንት ልጆች ጥምቀት ነው። ዘጠነኛው የለም። የቦስተኗ እናትም ስለ እርሱ ሰምተው አያውቁም።

ለዚያ ቀን ይህን ትተን ወደ መቃብሩ ሄድን። በአየርላንድ ካርታ በ«ኪል» የሚጀምሩ ቦታዎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ ቃሉ በቋንቋቸው አብዛኛውን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ማለት ነው። የእኛም ቦታ ከእነርሱ አንዱ ነበር፤ የቤተሰቡን ገመና ለመጠበቅ ሙሉ ስሙን አልጽፍም። ግራጫ የኖራ ድንጋይ የተነጠፈበት ኮረብታ፣ ከሥሩ ላሞች፣ በመካከል ጣሪያ የሌላት ቤተ ክርስቲያን በሐረግ ተጠምጥማ። በሩ የብረት ነው፤ ከጎኑ ሰው ብቻ እንዲሻገር ከግንቡ ላይ የወጡ የድንጋይ ደረጃዎች አሉ። ከተሐድሶ በኋላ እንዲህ ያሉት ጥንታውያን ስፍራዎች ለፕሮቴስታንቱ የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን ቢተላለፉም፣ ካቶሊኮቹ ሙታናቸውን እዚያው ከአባቶቻቸው ጎን መቅበራቸውን አላቋረጡም። ስለዚህ በሕይወት ሳሉ በአንድ ጣሪያ ሥር ያልጸለዩ ሰዎች በአንድ ሣር ሥር ተኝተዋል። እግራቸውም ሁሉ ወደ ምሥራቅ ነው።

እንዲህ ዓይነት ቦታ የምትሄዱ ከሆነ ሁለት ነገር ያዙ፤ መስታወትና ትዕግሥት። ጽሑፉ በድንጋይ ሽበት ተሸፍኖ አይነበብም። በሽቦ ብሩሽ አትፈትጉት፣ ጠመኔም አትቀቡት፤ ድንጋዩ ይጎዳል። በመስታወቱ የፀሐይን ብርሃን ከጎን ስትጥሉበት ግን ፊደሉ ጥላ አውጥቶ ይነሣል። ወዳጄና ባለቤቷ ይህን ሲያደርጉ ሦስት ሰዓት ፈጀ። እርስዋ መስታወቱን ትይዛለች፣ እርሱ ተንበርክኮ ያነባል፤ ብዙም አይነጋገሩም። በመጨረሻ የጎጡ ስም የተቀረጸበት፣ የአያትየው ወንድም የሚሆን ሰው ድንጋይ አገኙ። የአያትየው ስም ግን አልነበረም። ከጎኑ ያለው ከእርሻ የተነሣ ያልተጠረበ ድንጋይ ብቻ ነበር። ድሃ የሚቀብረው በእንዲህ ያለ ድንጋይ ነው፤ ግቢው በሙሉ በእነርሱ የተሞላ ነው።

ሣሩን የሚያጭዱ አንድ ሽማግሌ በግንቡ በኩል መጡ። መጀመሪያ የጠየቁት ስማችንን ሳይሆን «የየትኞቹ ናችሁ?» ብለው ነው። በዚያ ሀገር አንድ ስም ያላቸው ብዙ ስለሆኑ እያንዳንዱ ቤት ቅጽል አለው። ወንድማችን የጎጡን ስምና የቤተሰቡን ቅጽል ሲናገር ሽማግሌው ማጭዳቸውን ግንቡ ላይ አስደገፉና ወደዚያ ወዳልተጠረበው ድንጋይ ሄደው ቆሙ። በየበጋው አጥቢያው የመቃብር እሑድ ያደርጋል፤ ቤተሰብ ሁሉ መቃብሩን አጽድቶ ይሰበሰባል። እርሳቸው በልጅነታቸው እናታቸው እየዞሩ ማን የት እንዳለ ያስቆጥሯቸው ነበር። «ሁለቱም እዚህ ናቸው» አሉ። በጽሑፍ ያልተገኘው በአንድ ሽማግሌ ትውስታ ተገኘ።

ወዳጄ ያን ጊዜ ስለ ዘጠነኛው ጠየቀቻቸው። ዝም አሉ። ከዚያ «ቦት ጫማ አላችሁ?» አሉን።

የወሰዱን ከግቢው ውጭ ነው፤ ሁለት እርሻ ተሻግረን፣ ከኮረብታው ማዶ ወዳለ ጥንታዊ ክብ የአፈር ካብ። በላዩ አንድ እሾሃማ ዛፍ፣ ከሥሩ ከጉልበት በታች የሆኑ ትንንሽ ድንጋዮች፣ አንዳንዱ ላይ ነጫጭ ጠጠር። ኪሊን ይባላል፤ «ትንሿ ኪል» ማለት ነው። በአየርላንድ ምድር እንዲህ ያሉ ቦታዎች በየካውንቲው አሉ። ሳይጠመቁ የሞቱ ሕፃናት በተቀደሰ መሬት እንዲቀበሩ ስለማይፈቀድ፣ አባት ወይም አጎት ከጨለመ በኋላ ተሸክሞ ይወስዳቸው ነበር። ካህን አይመጣም። እናትየውም በአብዛኛው አትሄድም፤ ገና አራስ ናት። ይህ እስከ 20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽና ከዚያም በኋላ ቆይቷል። እንዲህ ያሉ ሕፃናት እንደሚድኑ ተስፋ ለማድረግ በቂ ምክንያት እንዳለ የሚገልጽ ሰነድ አንድ የካቶሊክ የነገረ መለኮት ኮሚሽን ያወጣው በ2007 ነው። ዛሬ ብዙ መንደሮች ኪሊናቸውን አጥረው፣ ድንጋይ አቁመው፣ በጸሎት ያስቧቸዋል። ስለዚህ ጣት ለመቀሰር አልጻፍሁም። በእኛም ሀገር በእምነታቸው ምክንያት ከአባቶቻቸው ጎን መሬት የተነፈጉ፣ ሬሳ ይዘው ሜዳ ላይ ያደሩ አማኞች ነበሩ፤ የደረሰባችሁ ታውቁታላችሁ።

እኔን የያዘኝ የቅጹ ነገር ነው። ባለትዳሮች ሆይ፣ አስቡት። የዚያን ጊዜ ቆጣሪዎቹ ፖሊሶች ነበሩ፤ መጻፍ የማይችል ቤተሰብ ሲሆን ጠይቀው የሚሞሉት እነርሱ ናቸው። ባልና ሚስቱ ሁለቱም ማንበብ አይችሉም ተብሎ በቅጹ ላይ ተጽፏል። ልጁ ስም የለውም፣ በየትኛውም መዝገብ የለም፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ አልፎታል፣ ለገዛ ልጆቻቸው እንኳ አልነገሩም። ስምንት ብለው ቢመልሱ ማንም አይጠይቃቸውም። ከሁለቱ አንዱ ግን፣ ሌላው እየሰማ፣ ለፖሊሱ «ዘጠኝ» አለው። ልጅ የጨነገፈባቸው ወይም በአራስነቱ የሞተባቸው፣ ባልየው «እርሳው፣ ጌታ ሌላ ይሰጠናል» እያለ የሚያልፈው፣ ሚስት ግን በልቧ የምትቆጥረው ቤቶች ስንት እንደሆኑ ከምክር አገልግሎቴ አውቃለሁ። እዚያ ቤት ቢያንስ አንድ ቀን ቁጥሩ በሁለቱም ፊት ተነግሯል።

ባለቤቴ ጸለየ፤ አጭር ነበር። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ።

ወደ መኪናው ስንመለስ ስለ ድንጋይ ማቆም ተነጋገርን። ጥንታውያን መቃብሮች በሕግ የተጠበቁ ስለሆኑ ማንም እንደፈለገ አይቆፍርም፤ ለካውንቲው ምክር ቤት ማመልከት፣ ለኪሊኑ ደግሞ የእርሻውን ባለቤት መጠየቅ ያስፈልጋል። ወንድማችን ሁሉንም በማስታወሻው ላይ ጻፈና ለእናቱ ስልክ ደወለ። ስለ አያታቸው መቃብር ሲነግራቸው አመሰገኑ። ስለ ዘጠነኛው ሲነግራቸው ግን ብዙ ቆዩና «ከመቃብሩ ሆኖ ያ ቦታ ይታያል?» ብለው ጠየቁት።

አላየንም ነበር። አራታችንም ተመለስን። ከአያቶቹ ድንጋይ አጠገብ ሲቆሙ ኮረብታው ይከልላል። ወዳጄ ጫማዋን አወለቀችና በባሏ እጅ ተደግፋ በግንቡ ደረጃ የመጨረሻው ድንጋይ ላይ ወጣች።

«ዛፉ ይታያል» አለች። «ጫፉ። አብቧል፣ ነጭ ነው።»

«እማዬ፣ ይታያል» አላቸው።

«ፎቶ አንሣልኝ» አሉት፤ «እርሷ ከቆመችበት ላይ።»