ሁለት ግራጫዎችና የውጫሌ ተራራ

ከደሴ ተነሥተው በወልድያ መንገድ ሲጓዙ፣ ሐይቅን ካለፉ በኋላ ውጫሌን ከአምባሰል ተራሮች ሥር ያገኟታል። ስሟን የምናውቀው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ነው። በ17ኛው አንቀጽ አማርኛው ለንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የተወውን ጣሊያንኛው ግዴታ አደረገው። የዛሬው ጨዋታችን ግን ስለ ቤት ቀለም ነው፤ ለነገሩ እዚህም የሚያሳስተው መቀራረቡ ነው።

ቀለም መሸጫ ሲገቡ ሁለት ናሙናዎች ይቀርቡልዎታል እንበል፤ ሁለቱም አረንጓዴ የነካቸው ግራጫዎች ናቸው። አንዱ ወደ ባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ሌላው ወደ አመድ ያደላል። በትንሽ ወረቀት ላይ ልዩነታቸው ከቁም ነገር አይገባም። ግድግዳው በሙሉ ሲቀባ ግን አንደኛው ክፍሉን ያለመልመዋል፤ ሌላው የክረምት ሰማይ ያስመስለዋል። ከደመወዝ ተቆንጥሮ የተገዛን ቀለም መጣል ደግሞ ለማንም እናት ቀላል አይደለም።

ውጫሌ ላይ ጥቂት ቆይተው ተራራውን ይመልከቱ። ጧት አረንጓዴ የነበረው ቀትር ላይ ይገረጣል፤ ሲመሽ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ተራራው ያው ነው፤ የተለወጠው ብርሃኑ ነው። የጭቃ ግድግዳ በእበት የምትለቀልቅ የገጠር ሴትም ሌላውን ምሥጢር ታውቃለች፤ እርጥቡ አረንጓዴ፣ ሲደርቅ ግን ግራጫ ነውና በእርጥቡ አትፈርድም። የፋብሪካ ቀለምም እርጥቡና ደረቁ አንድ አይደለም።

ስለዚህ ከሁለቱም ጥቂት ጥቂት ገዝተው በሰፊ ካርቶን ላይ ሁለት ጊዜ ይቀቡ። ሲደርቅ ከግድግዳው ጋር አስጠግተው ያቁሙት፤ ከመስኮቱ ትይዩም፣ ከጨለማው ጥግም ይሞክሩት። የማታውን በተለይ አይዝለሉት፤ ከሥራ ተመልሰው ልጆችዎን የሚያበሉትና የሚያስጠኑት ያን ጊዜ ነው። ቢጫ አምፑል ግራጫውን ወደ ወይራ ቅጠል ይጎትተዋል፤ ነጩ ያቀዘቅዘዋል። ቀይ መጋረጃ ካለዎት ደግሞ ግራጫው ይበልጥ አረንጓዴ መስሎ ይታያል። እኔ ብጠየቅ፣ መስኮቱ ጠባብ ለሆነ ቤት ቅጠል መሳዩን፣ ያውም ፈካ ያለውን እመርጣለሁ።

አሮጌውን ቀለም ሲያስፍቁ ልጆችን ያርቁ። በድሮ ቀለም ውስጥ መርዛም የሆነው እርሳስ ሊኖር ስለሚችል፣ ግድግዳው በደረቁ ሳይሆን በውኃ እየራሰ ይፋቅ፤ ወለሉም በእርጥብ ጨርቅ ይወልወል።