በደብረ ታቦር ያየነው የአውራሪስ ቀንድ

ከባሕር ዳር በማለዳ ተነሥተን የፎገራን ሜዳ አቋርጠን፣ ወረታንና ዓለም በርን አልፈን፣ አቀበቱን ወጥተን ደብረ ታቦር ገባን። በስተ ምሥራቅ የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ደመና ለብሶ ይታያል። ከከተማዪቱም አጠገብ ዐፄ ቴዎድሮስ በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1867 ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ጋፋት ይገኛል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።

በእንግድነት የተቀበሉን እመቤት፣ ማዕድ ከተነሣ በኋላ፣ ከአያታቸው የቈየውን ጐራዴ ከግድግዳ አውርደው አሳዩን። እጀታው ከአውራሪስ ቀንድ የተሠራ ኾኖ፣ ብዙ እጅ ስለ ዳሰሰው እንደ ማር ያብረቀርቃል። ይህን ስናደንቅ የልጅ ልጃቸው «አውራሪሱስ አኹን የት አለ?» ብላ ጠየቀች። የሚመልስላት ሰው ጠፋ።

እኛም የምናውቀውን ነገርናት። ጥቁሩ አውራሪስ የደጋ እንስሳ አይደለም፤ በቆላ ቍጥቋጦ ውስጥ እየኖረ በሹል ከንፈሩ ቅጠል እየቀነጠሰ ይበላል። ዓይኑ ደካማ፣ ጆሮውና አፍንጫው ግን ብርቱ ነው። እናቲቱ 15 ወር ያህል አርግዛ አንድ ልጅ ብቻ ትወልዳለችና፣ አንድ ጊዜ ቍጥሩ ከጐደለ ቶሎ አይተካም።

ይህ እንስሳ ለሀገራችን እንግዳ አልነበረም። በ6ኛው ምእት ዓመት ወደ አክሱም የመጣው ነጋዴ ኮስማስ፣ ሕያውን ከሩቅ፣ ቈዳው ገለባ የተሞላውን ደግሞ በንጉሡ ቤት እንዳየ ጽፏል። የመዘገበውም ስም «አርዌ ሐሪስ» ከሚለው የግእዝ አጠራር ጋራ ይስማማል። ጄምስ ብሩስም በ1772 ከጐንደር ወደ ስናር ሲወርድ፣ በምዕራቡ ቆላ የወይዘሮ አስቴር ልጅ ክንፉ ዝኆንና አውራሪስ ሲያድን አብሮ ነበር።

ያጠፋው እንግዲህ ምንድን ነው? አንዱ የገዳይነት ክብር ነው፤ ሌላው ቀንዱ ነው። ከቀንዱ የተሠራ ዋንጫ መርዝ ያስታውቃል ተብሎ ይታመን ነበር፤ ነገር ግን ቀንዱ ከጥፍራችንና ከጠጕራችን የተለየ ነገር የለበትም። በ1944 የአደን እንስሳት ጥበቃ ዐዋጅ ወጣ፤ ይኹን እንጂ አውራሪስ ዛሬ ከሀገራችን ዱር እንደ ጠፋ ይቈጠራል።

በአፍሪካ በ1970 ገደማ 65,000 የሚያህል ጥቁር አውራሪስ ሲኖር፣ በ1995 ከ2,500 በታች ወረደ። በኬንያና በሌሎችም አገሮች ዘበኞች ሌትና ቀን ስለ ጠበቁት ግን ዛሬ ከ6,000 በላይ ኾኗል። እንግዲህ ሰው ያጠፋውን ሰው ሊያቈየው ይችላል።

እመቤቲቱ ኹሉን ካዳመጡ በኋላ ጐራዴውን ወደ ቦታው መልሰው፣ «ጌቶቼ፣ እጀታውን ለዚች ልጅ አወርሳታለሁ፤ እንስሳውን ግን ሳናወርሳት ቀረን» አሉ።

አንባብያን ሆይ፣ በሰሜን ተራሮች ዋልያና ቀይ ቀበሮ ገና አሉልን። ነገ ልጆቻችን «የት አሉ?» ብለው ሲጠይቁን፣ በጣታችን ወደ ተራራው እንድናመለክት እንጂ ወደ ግድግዳው እንዳይኾን እንጠንቀቅ።