ኮዬ ፈጬ ላይ ኦሮምኛ ስማር

አዲስ አበባ ዳር ወዳለው የኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም የገባን ሰሞን በብሎካችን የሚሰማው አማርኛ ነበር፤ ከአጥሩ ውጭ ደግሞ ኦሮምኛ። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. የ51,229 ኮንዶሚኒየም ቤቶች ዕጣ ሲወጣ፣ የኮዬ መሬት የኦሮሚያ ነው የሚል ተቃውሞ መነሣቱን ሁላችንም እናስታውሳለን። ገበሬው እርሻውን በለቀቀበት ቦታ እኛ ቁልፍ ተረከብን። ከዚህ ሰው ጋር በአስተርጓሚ እየተነጋገሩ መኖር ከበደኝ።

በስልኬ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያጠናሁት ቁቤን ነው፤ ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ ኦሮምኛ በይፋ የሚጻፍበትን የላቲን ፊደል። ኤክስ «ጠ»፣ ሲ «ጨ» ተብለው ሲነበቡ፣ አናባቢ ሲደገም ድምፁ ሲረዝም በዩቲዩብ ተከታተልኩ። በግንቦት 2014 ዓ.ም. ጉግል ኦሮምኛን መተርጎሚያው ውስጥ ሲያስገባ ቃል መፈለጉ ቀለለኝ።

ጆሮዬን የሳለው ግን አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ነው። ደንቡ፣ መጻፍ ቀርቶ መናገር ነበር። ማታ ማታ ተማሪው ሁሉ ውሎውን በድምፅ ይልካል፤ ከጅማ፣ ከአምቦ፣ ከሐረር ያሉ የቋንቋው ልጆች ያርሙታል። አንድ ምሽት አንዲት ልጅ አማቷን ልትጠይቅ ስትዘጋጅ «አካም ቡልቴ» (እንዴት አደርክ/አደርሽ) ብላ ላከች። የአምቦው መምህር «እህቴ፣ ለእኩያሽ ጥሩ ነው፤ ለትልቅ ሰው ግን አካም ቡልተኒ በይ» ብሎ ቀስ እያለ ደጋገመላት። «ዸ» የሚባለውን የኦሮምኛ ድምፅ ያስተማረንም እሱ ነው፦ ምላስን ወደ ላንቃ አጥፎ ድምፁን ወደ ውስጥ ሳብ ማድረግ። ወጥ እያማሰልኩ፣ ደረጃ እየወጣሁ አብሬው አልኩ።

ከዚያ በኋላ ወተት የሚያመጡልንን አባት በቋንቋቸው፣ በአክብሮት ሰላም አልኳቸው። ጄሪካናቸውን አስቀምጠው ስለ እናትና አባቴ፣ ስለ ልጆቼ ጤና ጠየቁኝ። እየዋለ እያደረ፣ የትኛው ብሎክ ያለበት ቦታ ጤፍ፣ የትኛው ሽምብራ ይዘራበት እንደነበር በእጃቸው እያመለከቱ ነገሩኝ። ስለ ኮዬ ብዙ ዜና አንብቤ ነበር፤ መሬቱን ካረሰው ሰው አፍ ስሰማ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ዛሬ የውሃ ወረፋና የጥበቃ ክፍያ ብቻ ይወራበት በነበረው የብሎካችን ግሩፕ ኦሮምኛ የሚችሉ ጎረቤቶች ለልጆቻችን በድምፅ ያስተምራሉ። በስልክ የተለማመዱትን ልጆቹ ሜዳ ወርደው ከአካባቢው ልጆች ጋር ኳስ ሲጫወቱ ይናገሩታል። በሌላው ብሎክም እንዲጀመር እመኛለሁ። በሰው መሬት ላይ ቤት ያገኘ ሁሉ የባለመሬቱን ቋንቋ የመማር ዕዳ አለበት።