የጎረቤት ዓይን፤ ከእንግሊዝ ገጠር እስከ ገላን ኮንዶሚኒየም

ሰው አገር ለማየት የሚሄደው በእግሩና በመኪና ብቻ አይደለም፤ በመጽሐፍም ይሄዳል። ነገር ግን በመጽሐፍ የሄደ ሰው የሌላውን አገር አይቶ ሲመለስ የገዛ ደጁን ከቀድሞው አጥርቶ ካላየው መንገዱ ከንቱ ድካም ይሆንበታል። ስለዚህ ዛሬ ለዚህ ገጽ አንባብያን ሁለት አገር ባንድነት ለማሳየት አስበናል። አንደኛው የምርመራ ልብ ወለድ ደራሲዎች በዓለም ያስታወቁት የእንግሊዝ ገጠር ነው፤ ሁለተኛውም በአዲስ አበባ ደቡብ ዳርቻ፥ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የገላን ኮንዶሚኒየም ነው። እነዚህን ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል የሚል አንባቢ ቢኖር፥ የሚያገናኛቸው የጎረቤት ነገር ነው ብለን እንመልስለታለን።

ወደ ገላን የሚሄድ መንገደኛ ከመስቀል አደባባይ ተነሥቶ በሳሪስ በኩል ወደ ቃሊቲ ይወርዳል። ይህ መንገድ ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ፥ ከዚያም አልፎ ወደ ጅቡቲ ወደብ የሚያደርስ ስለ ሆነ የጭነት መኪና አይለየውም። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1917 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው የጅቡቲ ምድር ባቡርም በዚሁ በአቃቂ በኩል ያልፍ ነበር። ስለዚህ አቃቂ ከብዙ ጊዜ ጀምሮ እንግዳ የሚያልፍበት፥ የፋብሪካ ሠራተኛም የሚሰፍርበት አገር ነው። ከመኪናው ጩኸት ጥቂት ራቅ ሲሉ ሜዳው ይገለጣል፤ በስተምሥራቅም የየረር ተራራ ይታያል። ከዚያም አንዱ ከአንዱ የማይለይ ሕንፃ በረድፍ በረድፍ ቆሞ ይቀበላል፤ ገላን ኮንዶሚኒየም ይህ ነው።

የኮንዶሚኒየም ቤት በአዲስ አበባ በብዛት መሠራት የጀመረው በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ ላይ መሆኑ ይታወቃል። ቤቱም የተከፋፈለው በዕጣ ስለ ሆነ፥ ነዋሪው ጎረቤቱን መርጦ የገባ አይደለም። አንዱ ከመርካቶ መጣ፤ ሌላው ከአራት ኪሎ መጣ፤ ሦስተኛው ዕጣ ከደረሰው ሰው ተከራይቶ ገባ። በአሮጌው ሰፈር አያቱ የአያቷ ባልንጀራ የነበረ ሰው፥ እዚህ ግን በአንድ ደረጃ ላይ እየወጣና እየወረደ የፊት ለፊቱን በር ባለቤት ስም ሳያውቅ ወራት ይቈያል። በበረንዳው ልብስ ተሰጥቷል፤ ከታች በርበሬ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል፤ የቡና ሽታ ከአንዱ ፎቅ ወደ ሌላው ይወጣል። የኑሮው ምልክት ሁሉ አለ፤ መተዋወቅ ግን በቀስታ የሚመጣ ነገር ነው። እኛም አንድ ሰንበት ከሰዓት በኋላ በዚህ ስፍራ በተቀመጥን ጊዜ በእጃችን የነበረው መጽሐፍ በእንግሊዝ ገጠር ስለ ተደረገ የነፍስ ግዳይ የሚናገር ነበር፤ ይህንንም ጽሑፍ ለመጻፍ ያሰብነው በዚያ ጊዜ ነው።

ይህ ዓይነት ልብ ወለድ እንደሚከተለው ነው። ሥፍራው ትንሽ መንደር ነው። በመንደሩ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ የቄሱ ቤት አለ፤ ፖስታ ቤት፥ የመድኃኒት ቀማሚ ሱቅና የባለጸጋ ትልቅ ግቢ አለ። በዚህ ጸጥ ባለ አገር አንድ ሰው ሞቶ ይገኛል። ደራሲው ግን ደሙንና ጭካኔውን አያበዛም፤ አንባቢውን የሚይዘው ይህን ማን አደረገው የሚለው ጥያቄ ነው። የሚጠረጠሩት ሁሉ የሚተዋወቁ ሰዎች ናቸው፤ ከውጭ የመጣ ወንበዴ የለም። የሚመረምረውም ብዙ ጊዜ የመንግሥት ፖሊስ ሳይሆን፥ ጎረቤቱን ለብዙ ዘመን ያስተዋለ አንድ ተራ ሰው ነው። በመጨረሻም እውነቱ ይገለጣል፤ መንደሩም ወደ ጸጥታው ይመለሳል።

በዚህ ሥራ ከሁሉ ይልቅ ስሟ የገነነው አጋታ ክሪስቲ ናት። እርስዋም እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1890 ዓ.ም. ዴቮን በሚባለው የእንግሊዝ አውራጃ፥ በቶርኪ ከተማ ተወለደች። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሆስፒታል ቁስለኛ ስታስታምም፥ ቀጥሎም በመድኃኒት ቤት ስትሠራ ስለ መርዝ ዓይነት ብዙ ዕውቀት አገኘች፤ ይህም ዕውቀት በኋላ በመጻሕፍቷ ውስጥ ጠቀማት። ወይዘሪት ማርፕል የምትባለውን ሽማግሌ መርማሪ በረጅም ልብ ወለድ መጀመሪያ ያቀረበቻት በዚሁ አቆጣጠር በ1930 ዓ.ም. ነው። ወይዘሪት ማርፕል ሹመት የላትም፤ መሣሪያም የላትም፤ ሹራብ እየሠራች፥ አትክልቷን እየኰተኰተች መንደሯን ታያለች። አዲስ ነገር በደረሰ ጊዜ፥ ይህ ሰው በመንደራችን የነበረውን እገሌን ይመስላል እያለች፥ በምታውቀው ሰው ጠባይ የማታውቀውን ትመረምራለች። አጋታ ክሪስቲ በ1976 ዓ.ም. እስክትሞት ድረስ 66 የምርመራ ልብ ወለዶችን ጽፋለች።

ይህ ጽሑፍ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል ባሉት ዓመታት እጅግ የተስፋፋበት ምክንያት አለው። ሚሊዮን ሰው ያለ ፍርድ ካለቀበት ጦርነት በኋላ፥ የአንድ ሰው ሞት እንኳ ያለ ምርመራ የማይታለፍበትን መንደር ማንበብ ለልብ ዕረፍት ነበረ። ደራሲዎቹም ለሥራቸው ሕግ አወጡ። ቄስም ደራሲም የነበረው ሮናልድ ኖክስ በ1929 ዓ.ም. ዐሥር ሕግጋት ጻፈ፤ ከነዚህም አንዱ መርማሪው ያገኘውን ምልክት ከአንባቢ መሸሸግ አይገባውም የሚል ነው። በሚከተለው ዓመትም በሎንዶን የመርማሪ ልብ ወለድ ደራሲዎች ማኅበር ተቋቋመ። የነገሩ ፍሬ ይህ ነው፤ ፍርድ ሁሉም ሊያየው በሚችል ምልክት ይቁም እንጂ በስሜትና በአጋጣሚ አይቁም ማለት ነው።

ይህ ጥበብ በእንግሊዝ ብቻ አልቀረም። በቡላዋዮ የተወለደው አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝ በ1998 ዓ.ም. በቦትስዋና ዋና ከተማ በጋቦሮኔ የምትኖረውን መርማሪ ወይዘሮ ፕሬሸስ ራሞትስዌን ለዓለም አስተዋውቋል። እርስዋም ሻይዋን እየጠጣች፥ ሰውን እየሰማች፥ በብዙ ጭንቅ ያሉትን ጎረቤቶቿን ታሳርፋለች። አፍሪቃዊ አንባቢ ይህን ሲያነብ የሚያውቀውን ሽማግሌና የሚያውቃትን ባልቴት ያገኛል።

ይሁን እንጂ መንደር ሁሉ ራሱን የሚመረምርበት ሥርዓት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቀድሞው ዘመን ከብት ሲሰረቅ፥ ቤት ሲቃጠል፥ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲታጣ፥ ያገሩ ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰብ ነበር። ይህም አውጫጭኝ ይባላል፤ አፈርሳታም ይሉታል። ሽማግሌዎች ተመርጠው እየጠየቁ፥ ሕዝቡም እየማለ፥ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ሰው ወደ እርሻው አይመለስም፤ ከስብሰባው የቀረም ይቀጣ ነበር። የእንግሊዝ ደራሲ ተጠርጣሪዎቹን ሁሉ በአንድ ሳሎን ሰብስቦ ነገሩን እንደሚፈታ፥ አባቶቻችንም ያገሩን ሰው በአንድ ዛፍ ሥር ሰብስበው ይፈቱ ነበር።

ይህንንም ሥርዓት ለልብ ወለድ ያዋለው የአገራችን ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ነው። እርሱም በ1969 ዓ.ም. እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፥ አፈርሳታ የተባለውን መጽሐፍ በእንግሊዝኛ ጽፎ ሎንዶን ላይ አሳተመ። በመጽሐፉ የአንድ የጉራጌ ገበሬ ጎጆ ይቃጠላል፤ መንደርተኛውም ያቃጠለውን ለማግኘት በአፈርሳታ ይሰበሰባል። ስለ እንግሊዝ ገጠር የሚያነብ ኢትዮጵያዊ ይህንንም ቢያነብ፥ በሻይ ጠረጴዛ ፋንታ እንሰት የከበበው ደጅ፥ በቄሱ ቤት ፋንታ የሽማግሎች ሸንጎ ይጠብቀዋል።

ዳሩ ግን የቀድሞው ሁሉ ደግ ነበር ብለን አንመሰክርም። ሌባ ሻይ የሚባል ሥራም ነበረ፤ አንድ ልጅ መድኃኒት ጠጥቶ ራሱን ስቶ በገመድ እየተያዘ በመንደር ይዞራል፤ ወድቆ የተገኘበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዝ ነበር። ይህ ሰው ምልክት አልታየበትም፤ ምስክር አልቆመበትም፤ ልጁ በደጁ ስለ ወደቀ ብቻ ስሙ ጠፋ። በአውጫጭኝም ቢሆን የበደለውና ያልበደለው እኩል ከሥራው ይታሰር ነበር። አጋታ ክሪስቲ በ1958 ዓ.ም. ባሳተመችው አንድ መጽሐፍ ይህንኑ ጉዳይ አንሥታለች፤ ጥፋተኛው በእውነት ካልታወቀ፥ ንጹሐኑ ሁሉ ዕድሜ ልካቸውን እርስ በርሳቸው እየተጠራጠሩ እንደሚኖሩ ታሳያለች። ስለዚህ የምርመራ ትልቁ ጥቅም ጥፋተኛውን መቅጣት ብቻ አይደለም፤ ንጹሑን ከጥርጣሬ ማውጣት ነው።

አሁን ወደ ገላን እንመለስ። በዚያ ሰንበት የቡና ጠጪዎች አንድ ነገር አጫወቱን። በአንድ ብሎክ የዕድሩ ትልቅ ድስት ከዕቃ ቤቱ ጠፋ። ዕቃውን በመጨረሻ ያጠበችው ከገጠር የመጣች አንዲት የቤት ሠራተኛ ልጅ ስለ ነበረች፥ ጥርጣሬው ሁሉ በርስዋ ላይ ወደቀ። ማንም በግልጽ ሌባ አላላትም፤ ነገር ግን በደረጃው ላይ ስታልፍ ወሬ ይቋረጥ ጀመር፤ አሠሪዋም ቦርሳዋን ትቈልፍ ጀመር። ልጅቱም ልብሷን በፌስታል ቋጥራ ወደ አገሯ ልትሄድ ተነሣች።

በምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት ባልቴት፥ ሁሉም እማማ የሚሏቸው፥ ይህን በሰሙ ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ፤

«ለመሆኑ ልጆቼ፥ ክዳኑስ የታል?»

ቢፈልጉ ክዳኑ ከነበረበት አልተነቃነቀም። እማማም፥

«ድስት ሰርቆ የሚሸጥ ሰው ክዳኑን ትቶ አይሄድም፤ ክዳን የሚተው ሌላ ክዳን ያለው ሰው ነው። በዚህ ሳምንት ድንኳን የተተከለው የት ነበር?» አሉ።

ድንኳን የተተከለው ከወዲያ ማዶ ባለው ብሎክ ነበር። ለዚያ ለቅሶ ከዚህኛው ዕድር ዕቃ ተውሰው ነበር፤ ሲመልሱም ሁለቱ ዕድሮች የገዙት ድስት አንድ ዓይነት ስለ ሆነ፥ በስሕተት የዚህኛውን ከራሳቸው ዕቃ ጋር ደርበው በራሳቸው ክዳን ከድነው አስቀምጠውታል። ሄደው ቢያዩ በድስቱ ቂጥ የዚህኛው ዕድር የቀለም ምልክት ተገኘ። ሌባ አልነበረም። እማማም ልጅቱን አስጠርተው በሁሉ ፊት፥

«ነይ የኔ ልጅ፥ ዛሬ ቡናውን የምታፈዪው አንቺ ነሽ» አሏት።

አሠሪዋም ተነሥታ ይቅርታ ጠየቀቻት፤ ፌስታሉም ተፈታ።

ይህ ነገር በጋዜጣ የሚወጣ ታላቅ ወንጀል አይደለም። ነገር ግን አባቶቻችን ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉና፥ ዘመድ በሌላት ከተማ ስሟን ብቻ ይዛ ለምትኖር ልጅ የድስቱ ነገር የሕይወት ነገር ነበረ። እማማም ይህን ለመፍታት የቻሉት ትምህርት ቤት በተማሩት ጥበብ አይደለም። ድንኳን መተከሉን አይተዋል፤ ዕቃ ማን እንደ ተዋሰ ያውቃሉ፤ የልጅቱንም ጠባይ ስትወጣና ስትገባ አስተውለዋል። ወይዘሪት ማርፕልም ከዚህ የተለየ ዕውቀት የላትም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለው ተረት ሰውን እንዲጠነቀቅ ያስተምራል፤ በብዙ እንግዳ መካከል ለሚኖርም አስፈላጊ ነው። ሆኖም ጎረቤቱን የማያውቅ ሰው ጥርጣሬው የሚያርፍበትን ሥፍራ አያውቅምና፥ ሁልጊዜ በድኻው፥ በእንግዳውና በሠራተኛው ላይ ያሳርፈዋል። የጎረቤት ዓይንም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ነውር ፈልጎ ወሬ የሚያመላልስ ነው፤ እንዲህ ያለው በእንግሊዝ መንደርም በገላንም አይታጣም። ሁለተኛው ማን እንደ ታመመ፥ ማን እንዳዘነ፥ የማን ልጅ ከትምህርት ቤት እንደ ዘገየ የሚያይ ነው። በክፉ ቀን ምስክር ሆኖ የሚቆመው ይህ ሁለተኛው ነው።

ስለዚህ በኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ቤተሰቦች ሆይ፥ የፊት ለፊታችሁን በር አንኳኩታችሁ ስም ተጠያየቁ፤ ለቡና ተጠራሩ፤ ወደ ዕድሩ ስብሰባ ገንዘባችሁን ብቻ ሳይሆን ራሳችሁንም ይዛችሁ ሂዱ። በቤታችሁ ዕቃ የጠፋ እንደ ሆነ፥ የሰው ስም ከማንሣታችሁ በፊት ምልክቱን መርምሩ፤ ተጠርጥሮ ንጹሕ ለተገኘም ሰው ጥርጣሬው በተሰማበት አደባባይ ላይ ክብሩን መልሱለት። ማታም ልጆቻችሁ ሲሰበሰቡ ከነዚህ መጻሕፍት አንዱን አንብቡላቸው፤ ማን አደረገው ብለው ለመናገር ሲቸኩሉም፥ በምን አወቅህ፥ በምን አወቅሽ ብላችሁ ጠይቋቸው። ይህን መልመድ ለመጽሐፉ ብቻ ሳይሆን ነገ በደረጃው ላይ ለሚያገኙት ጎረቤታቸውም ይጠቅማል።