ቤድላም

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ መምህራችን ሁካታችን ሲበዛባቸው «ቤድላም!» ይሉን ነበር። ቃሉ ለካ ቤተልሔም ኖሯል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1247 ዓ.ም. ለንደን ውስጥ በቅድስት ማርያም ዘቤተልሔም ስም የተመሠረተው ገዳም ኋላ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ሆነ፤ ሕዝቡም ስሙን አሳጥሮ ለጩኸትና ለትርምስ ሁሉ መጠሪያ አደረገው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሰው ሕሙማኑን እንደ ትርኢት ሊያይ ይሄድ እንደ ነበር ሳነብ ግን አጎቴ ትዝ አለኝ።

በአገሬ በደብረ ኤልያስ ቤተልሔም የቍርባኑ ኅብስት የሚዘጋጅባት ትንሽ ቤት ናት። የቅኔው ተማሪ በየዛፉ ሥር ቅኔ ሲቈጥር፣ እኛ ልጆች በእርስዋ አጠገብ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እናልፋለን። አእምሮው የታወከው አጎቴ፣ ከቤት ሲጮኽ የሚያድረው፣ ከግድግዳዋ ተጠግቶ ዝም ብሎ ይውል ነበር። ዲያቆናቱም እንጀራ ያቀብሉታል እንጂ ተነሥ አይሉትም።